የአንድ ገመድ ጉዳይ፦ 5 ቮልት ላፕቶፕ የገደለበት ቀን

መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ፍሪጁ ይነቀላል። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል። ስታቢላይዘር ያለው በስታቢላይዘሩ ይተማመናል፤ የሌለው መብራቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ኤሌክትሪክ በግድግዳው ሶኬት በኩል መጥቶ ዕቃ እንደሚያቃጥል ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየን ነው።

ወደ ዕቃዎቻችን የሚገባ ሌላ በር ግን አለ። ስልካችንንና ላፕቶፓችንን በየቀኑ የምንሰካበት ቀጭኑ የዩኤስቢ ገመድ። ይህን በር ስታቢላይዘር አይጠብቀውም። ብዙ ሰውም እንደ ክር ነው የሚያየው፤ ቢበዛ ይበጠሳል እንጂ ዕቃ ይገድላል ብሎ አያስብም። ዛሬ የምነግራችሁ እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነና በዓለም ዙሪያ ብዙ የተወራለት አንድ ጉዳይ ነው። የመረጥኩት ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ራሱ መሐንዲስ ስለነበረና ምን እንደሆነ ለክቶ ስላሳየን ነው። አብዛኞቻችን ስልካችን ሲሞትብን «ተቃጠለ» እንባላለን፣ ከዚያ በላይ የሚነግረን የለም።

ምን ሆነ

ሰውየው ቤንሰን ሊዩንግ ይባላል። በጉግል ውስጥ በክሮምቡክ ላፕቶፖች ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ጊዜው ታይፕ ሲ የተባለው አዲሱ የዩኤስቢ ጫፍ ገና ወደ ገበያ መግባት የጀመረበት ነው። ስታንዳርዱ የተጠናቀቀው በኦገስት 2014 ነው። በማርች 2015 አፕል ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በስተቀር አንድ የታይፕ ሲ ፖርት ብቻ ያለው ማክቡክ አስተዋወቀ። በዚያው ሳምንት ጉግል ደግሞ ሁለት የታይፕ ሲ ፖርቶች ያሉት ክሮምቡክ ፒክስል አወጣ። ዋጋው ከ999 ዶላር ይጀምር ነበር።

አዲስ ፖርት ሲመጣ አዲስ ገመድ ይፈለጋል። ሰው ቤት ያለው ቻርጀር ሁሉ ባለ አራት ማዕዘኑ የድሮ ዩኤስቢ ነው። ስለዚህ በአንድ ጫፉ የድሮውን፣ በሌላው ጫፉ ታይፕ ሲን የያዘ ገመድ ገበያው ላይ ጎረፈ። አማዞን ላይ ስማቸው ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ሻጮች ብቅ ብቅ አሉ። ገመዶቹ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ውስጣቸውን ግን ማንም አላየውም።

ሊዩንግ ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ እነዚህን ገመዶች በራሱ ተነሳሽነት መፈተሽ ጀመረ። አንድ በአንድ ይለካና ውጤቱን እዚያው አማዞን ላይ፣ እንደማንኛውም ገዢ፣ በአስተያየት መስጫው ይጽፋል። ስታንዳርዱን ያሟላውን ያመሰግናል። ያላሟላውን ምክንያቱን ዘርዝሮ አንድ ኮከብ ይሰጠዋል። ይህን ሥራ በጣም ነው የማደንቀው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ለራሱ ደህናውን መርጦ ይገዛና ዝም ይላል።

ለመለኪያ ትዊንኪ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ነበረችው። በገመዱና በላፕቶፑ መካከል ትገባለች። የሚያልፈውን ቮልቴጅና ከረንት ታነባለች። ሁለቱ ጫፎች «ስንት ልስጥህ፣ ስንት ትቀበላለህ» እየተባባሉ የሚለዋወጡትን መልእክትም ታዳምጣለች።

በፌብሩዋሪ 2016 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2008 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ተራው የደረሰው ሰርጅቴክ በሚል ስም ይሸጥ የነበረ ገመድ ነበር። ሰካው። ትዊንኪዋ ማንበቧን ወዲያው አቆመች። ሁለተኛ ትዊንኪ አመጣ። እሷም እንደ መጀመሪያዋ ሆነች። ሶፍትዌሯን እንደገና ቢጭንባትም አልነቃችም። ዞር ብሎ ላፕቶፑን ሲያይ ሁለቱም የታይፕ ሲ ፖርቶች ቀጥ ብለዋል። ቻርጅ አይቀበሉም። የኔትወርክ አስማሚ ሲሰካባቸውም አያውቁትም።

ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳው። ተነሳ፤ ግን በመደበኛው መንገድ አይደለም፣ ቀጥታ ወደ ጥገና ገጹ ነው የገባው። በላፕቶፖች ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ አንድ ትንሽ ቺፕ አለ። ባትሪውን፣ ቻርጁን፣ ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ክሮምቡክ ሲነሳ ይህ ቺፕ ደህና መሆኑን አይቶ ነው የሚያልፈው። በዚያን ዕለት ሊያረጋግጠው አልቻለም። ሊዩንግ በሶፍትዌር ያልሞከረው ነገር የለም፤ ቺፑ አልመለስ አለ። ጠጋ ብሎ ሲመረምር ቻርጁንና ፖርቶቹን የሚቆጣጠሩት ክፍሎች ክፉኛ ተጎድተዋል።

ሁለት መለኪያና አንድ ላፕቶፕ። ሦስት ዕቃ በአንድ ገመድ ሞተ።

ገመዱ ሲመረመር

ሊዩንግ ገመዱን አልጣለውም። የታይፕ ሲን ጥቃቅን ፒኖች አንድ በአንድ ወደ ውጭ አውጥቶ ለመለኪያ የሚያመች ሰሌዳ ላይ ሰካውና መልቲሜትር ይዞ የትኛው ፒን ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ፈተሸ። ይህ እኛ ጋ ማንኛውም ሞባይል ጠጋኝ የሚያደርገው ነገር ነው፤ አንዱን ዘንግ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ፣ ከጮኸ ተገናኝቷል ማለት ነው።

ያገኘውን ለመረዳት ስለ ገመዱ ውስጥ ትንሽ ላስረዳ። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ብትቆርጡ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ ታገኛላችሁ። ቀዩ ፖዘቲቩ ነው፣ 5 ቮልት ይዞ ይመጣል። ጥቁሩ ግራውንድ ነው፣ የመልስ መንገዱ። ነጭና አረንጓዴው ዳታ ናቸው። ታይፕ ሲ ጫፍ ላይ ደግሞ 24 የፒን ቦታዎች አሉ፤ አራቱ ለፖዘቲቩ፣ አራቱ ለግራውንድ የተመደቡ ናቸው። ገመዱን በየትኛውም ፊት ብትሰኩት የሚሠራው በሁለቱም በኩል ተደግመው ስለተቀመጡ ነው።

በዚህ ገመድ ላይ በድሮው ጫፍ ያለው ግራውንድ በታይፕ ሲው ጫፍ ከፖዘቲቩ ጋር ተገናኝቷል። የድሮው ጫፍ ፖዘቲቭ ደግሞ ከታይፕ ሲው ግራውንድ ጋር። በአጭሩ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህ ነው ይህን ጉዳይ ለሰው ሁሉ እንድናገር የሚያደርገኝ። «ኃይል በዝቶበት ተቃጠለ» ሲባል አእምሯችን ወደ ትልቅ ቮልቴጅ ይሄዳል፤ ወደ መብረቅ፣ ወደ ትራንስፎርመር። እዚህ ግን ከ5 ቮልት በላይ የሆነ ነገር አልነበረም። 5 ቮልት በጣት ብትነኩት አይሰማችሁም። ላፕቶፑን የገደለው የኤሌክትሪኩ ብዛት ሳይሆን የገባበት ቦታ ነው።

5 ቮልት እንዴት ይገድላል

ለአንድ መሣሪያ ግራውንድ ማለት ወለሉ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ሁሉ ቮልቴጅን የሚለካው ከዚያ ወለል ተነስቶ ነው። «5 ቮልት መጣልኝ» ሲል ከወለሉ በላይ 5 ማለቱ ነው። ገመዱ ሁለቱን ሲገለብጥበት ወለሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኃይል ይመጣበታል የተባለው ፒን ደግሞ ከወለሉ 5 ቮልት ታች ይወርዳል። ቺፑ ከዜሮ በታች ለሚመጣ ነገር አልተሠራም። ከዜሮ በታች ግማሽ ቮልት እንኳ የማይችሉ ብዙ ናቸው።

ነገሩን የሚያከፋው የቺፑ የራሱ መከላከያ ነው። በየፒኑ ላይ ትንንሽ ዳዮዶች አሉ። ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው። ሥራቸው ከጣታችን ጫፍ የሚዘለው የስታቲክ ብልጭታ ቺፑን እንዳይመታው ወደ ወለሉ መሸኘት ነው። ሹራብ ስታወልቁ የምትሰሙት ዓይነት ብልጭታ ማለቴ ነው። ቮልቴጁ በሺዎች ይቆጠራል፣ ግን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ዳዮዶቹ ይችሉታል። በደህናው ጊዜ ዝግ ናቸው።

ፖዘቲቩና ግራውንዱ ሲገለባበጡ ግን እነዚህ በሮች ይከፈታሉ። ኃይል ሰጪው ያለውን ከረንት በእነሱ በኩል ይለቃል። ይህ ደግሞ ብልጭታ አይደለም፤ ገመዱ እስኪነቀል ድረስ የማይቆም ነው። ለቅጽበት ብቻ የተሠራች ጥቃቅን ዳዮድ አንድና ሁለት አምፔር ሲያልፍባት ትግላለች፣ ትቀልጣለች፣ አንዳንዴም ሾርት ሆና ትቀራለች። ጠጋኞች «አይሲው ሾርት አድርጓል» የሚሉት አንዱ መነሻው ይህ ነው።

የዳታ ሽቦዎቹስ? እነሱ በትክክለኛ ቦታቸው ቢሆኑ እንኳ አይተርፉም። በተለመደው የዩኤስቢ ንግግር የዳታ ሽቦ ላይ ያለው ቮልቴጅ በ0 እና በ3.3 መካከል ነው። የተቀባዩ ወለል 5 ቮልት ከፍ ሲልበት፣ ያው 0 ለእሱ ከዜሮ በታች 5 ሆኖ ይታየዋል። 3.3 የነበረው ደግሞ ከዜሮ በታች 1.7። እነዚህ ሽቦዎች የሚሄዱት መልእክት ወደሚያነቡት ስስ ቺፖች ቀጥታ ነው። በኃይል መንገዱ ላይ ፊውዝ ወይም ከረንት የሚቆርጥ ማብሪያ ሊኖር ይችላል፤ ዳታው መንገድ ላይ ግን ብዙ ነገር ማስቀመጥ አይቻልም፣ ፍጥነቱን ይገድለዋል። ለዚህ ነው ዳታ ፖርት ከሶኬት ይልቅ ለቦርዱ አንጎል የሚቀርበው።

የክሮምቡኩ ጉዳት በፖርቱ ደጃፍ ያልቆመውም ለዚህ ይመስለኛል። ፖርቱን የሚያዳምጠው ክፍል ቻርጁን ከሚያስተዳድረው ጋር ይነጋገራል፣ እሱም ያለሱ ላፕቶፑ ከማይነሳበት ትንሽ ቺፕ ጋር። በር ላይ የገባው ችግር እስከ ጓዳው ዘለቀ።

ሁለት ተጨማሪ ጥፋቶች

ገመዱ በዚህ ብቻ አልበቃውም። የዩኤስቢ 3 ፈጣን ዳታ ያስተላልፋል ተብሎ ነበር የተሸጠው። ፈጣኑን ዳታ የሚሸከሙት ሽቦዎች ግን ውስጡ የሉም። ይህ ማታለል ነው፣ ዕቃ ግን አያቃጥልም፤ ልለፈው።

ሌላው የሬዚስተር ጉዳይ ነው፤ ሬዚስተር ከረንትን የሚገታ ትንሽ አካል ነው፣ የመግታት አቅሙም በኦም ይለካል። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የተገለበጠ ገመድ ብርቅ ነው፣ ይሄኛው ጥፋት ግን በዚያ ዘመን በብዙ ገመዶች ላይ ነበር።

የድሮ ዩኤስቢ ፖርት «ይህን ያህል ከረንት መስጠት እችላለሁ» ብሎ በታይፕ ሲ ቋንቋ መናገር አይችልም። ስለዚህ በእሱ ፈንታ የሚናገረው ገመዱ ነው። ታይፕ ሲ ጫፉ ውስጥ አንድ ሬዚስተር ተቀምጧል። ስልኩ በሬዚስተሩ በኩል የሚመጣለትን ቮልቴጅ ያነብና ስንት አምፔር መሳብ እንደሚፈቀድለት ይወስናል። ስታንዳርዱ እንዲህ ላለው ገመድ 56 ኪሎ ኦም ይላል። ያን ጊዜ ስልኩ 0.4 ቮልት ገደማ ያያል፣ «ተራ ፖርት ነው፣ በልክ ልሳብ» ይላል። የተራ ፖርት ልክ በዩኤስቢ 2 ግማሽ አምፔር፣ በዩኤስቢ 3 ደግሞ 0.9 አምፔር ነው። በዚህ ገመድ ውስጥ የተገኘው ግን 10 ኪሎ ኦም ነው። በ10 ኪሎ ኦም ስልኩ 1.7 ቮልት ገደማ ያያል። ትርጉሙ «3 አምፔር ውሰድ» ነው።

ድግስ ጠሪው ለአሥር ሰው አዘጋጅቶ፣ መልእክተኛው መንደር ውስጥ ዞሮ ስልሳ ሰው ቢጠራስ? ተጠሪው አላጠፋም፤ ተጠርቶ ነው የመጣው። ደጋሹም አላጠፋም፤ ያለውን ነው ያዘጋጀው። መልእክተኛው ነው የዋሸው። ስልኩ 3 አምፔር ለመሳብ ይሞክራል። ጥሩ ቻርጀር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ያጠፋል። ርካሹ ይግላል። የድሮ ላፕቶፕ ፖርት ከሆነ ደግሞ ፖርቱ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ ገመዱ የሚያቃጥለው ኃይል ሰጪውን ነው።

ይህ የትንንሽ ሻጮች ችግር ብቻም አልነበረም። ዋንፕላስ የተባለው የስልክ አምራች ከስልኩ ጋር የሚሸጠው የታይፕ ሲ ገመድ 10 ኪሎ ኦም እንደያዘ በኖቬምበር 2015 አምኗል፣ ለብቻው ለገዙትም ገንዘብ ለመመለስ ተስማምቷል። ስህተቱን ወጥቶ መናገሩ ጥሩ ነው። ሊዩንግና መሰሎቹ ባይለኩ ኖሮ ግን ማን ያውቅ ነበር?

በዳታ ሽቦ ሆን ብሎ መግደል

የሊዩንግ ጉዳይ ስህተት ነው። ይህንኑ በር አውቆ የሚጠቀም መሣሪያም አለ። ፍላሽ ይመስላል። ሲሰካ ከፖርቱ 5 ቮልት ይወስድና ካፓሲተሮቹ ውስጥ ያጠራቅማል። ከዚያ ቮልቴጁን 200 ገደማ አድርሶ በዳታ ሽቦዎቹ ላይ መልሶ ይለቃል። ፖርቱ እስኪሞት ድረስ ደጋግሞ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2019 በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ ከተማ፣ ኮሌጅ ኦፍ ሴንት ሮዝ ውስጥ አንድ የቀድሞ ተማሪ በዚህ መሣሪያ 66 ኮምፒውተሮች አበላሸ። እየሰካ ራሱን በስልኩ ቀርጿል። ጉዳቱ 58,471 ዶላር ተገመተ፤ ያን እንዲከፍልና 12 ወር እንዲታሰር ተፈረደበት።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ሳያቸው የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። በአልባኒ ጥፋተኛ ነበረ፣ ተያዘ፣ ካሣ ተወሰነ። በገመዱ ጉዳይ ግን የሚያስከትለው ጉዳት ያው ሆኖ ሳለ ተራ ገዢ ማንን ይከሳል? ዕቃው ሲሞት ገመዱን የሚጠረጥርም የለም። ሰውየው ላፕቶፑን ያስጠግናል፣ ያንኑ ገመድ መልሶ ይሰካበታል።

ከዚያ በኋላ

የሊዩንግ ጽሑፍ በሰዓታት ውስጥ በቴክኖሎጂ ዜናዎች ሁሉ ዞረ። ገመዱ ከአማዞን ላይ ወረደ። በማርች 2016 መጨረሻ አማዞን ስታንዳርዱን የማያሟላ የታይፕ ሲ ገመድና አስማሚ መሸጥን በክልከላ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። በኤፕሪል ደግሞ ዩኤስቢን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ መሣሪያው ቻርጀሩን ወይም ገመዱን «ማን ነህ» ብሎ ጠይቆ ሳያረጋግጥ ኃይል እንዳይቀበል የሚያስችል ዘዴ ይፋ አደረገ። መርሐ ግብሩ የተጀመረው በጃንዋሪ 2019 ነው። አምራቾችን ግን አያስገድድም፤ የፈለገ ይጠቀምበታል።

ክልከላ ወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት መጥፎ ገመድ ጠፋ ማለት አይደለም። ደግሞ ኃይሉ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ያኔ ወሬው ስለ 5 ቮልት ነበር። ዛሬ ብዙ የላፕቶፕ ቻርጀሮች በታይፕ ሲ 20 ቮልት ይሰጣሉ። በ2021 የወጣው ስታንዳርድ እስከ 48 ቮልትና 240 ዋት ይፈቅዳል። እነዚህ ቻርጀሮች ከ5 ቮልት በላይ የሚሰጡት ከመሣሪያው ጋር ተነጋግረው ከተስማሙ በኋላ ነው፤ ያ ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን አንድ ደካማ ቦታ አለ። ታይፕ ሲ ውስጥ የፖዘቲቩ ፒን ከንግግር ፒኑ ጎን ለጎን ነው። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስማርት ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ስትውሉ ፖርቱ ውስጥ የሚገባው ብናኝ፣ ላብ ወይም እርጥበት፣ በኃይል ወደ ጎን የተጎተተ ገመድ ያጣመመው ፒን፣ እነዚህን ሁለቱን ሊያገናኛቸው ይችላል። ያን ጊዜ ለ5 ቮልት የተሠራች ፒን 20 ቮልት ይደርሳታል።

አውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ስልኮችና ታብሌቶች ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲኖራቸው አስገድዷል። አይፎንም ከ2023 ጀምሮ ታይፕ ሲ ነው። ለእኛ ለተጠቃሚዎች ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ገመድ ለሁሉም ይበቃል። ግን ይኸው አንድ ገመድ ጠዋት የእህትን ስልክ፣ ማታ የወንድምን ላፕቶፕ፣ በማግስቱ የእንግዳውን ታብሌት ይነካል። መጥፎ ከሆነ አንዱን ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያገኘው። በሊዩንግ ጠረጴዛ ላይም አንድ ገመድ ነው ሦስት ዕቃ የገደለው።

መንገድ ዳር ለገዛነው ገመድ

እኛ ጋ ገመድ የሚገዛው በብዛት ታክሲ መጠበቂያው አካባቢ ወይም ሰፈር ካለው ሞባይል ቤት ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሚያጣራ የለም። ሻጩም አያውቅም፤ በካርቶን ገዝቶ በነጠላ ነው የሚሸጠው። እሱን መውቀስ አልችልም። ጥፋቱ ገመድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለካ ከበር የሚያስወጣው ፋብሪካ ነው። ሁለት ሽቦ መገለባበጡን ለማወቅ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

እኛም ያችን ጥቂት ሰከንድ መስጠት እንችላለን። እኔ አዲስ ከድሮው ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ገመድ ስገዛ እንዲህ ነው የማደርገው። ከስልክ ጋር የመጣና ለዓመታት በሰላም የሠራ ገመድ አለኝ፤ መመሳከሪያዬ እሱ ነው። መልቲሜትሩን የሚጮኸው ቦታ ላይ አደርጋለሁ። አንዱን ዘንግ ታይፕ ሲው ጫፍ ላይ ባለው የውጭ ብረት ላይ እይዛለሁ። ያ ብረት በደህና ገመድ ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ነው። በሌላው ዘንግ በባለ አራት ማዕዘኑ ጫፍ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የዳር ፒኖች በየተራ እነካለሁ። ከመሃለኞቹ ዘለግ ስለሚሉ ይለያሉ፤ ዘለግ ያሉትም ሲሰካ ኃይሉና ግራውንዱ ከዳታው ቀድመው እንዲነኩ ነው። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው አይጮኽም። የጮኸው ግራውንዱ ነው። በየት በኩል እንዳለ ልብ እላለሁ። ከዚያ አዲሱን ገመድ በዚያው አያያዝ እለካለሁ። በዚያው በኩል ከጮኸ ደግ ነው። ጭራሽ ካልጮኸ የውጭ ብረቱ አልተገናኘም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ውድ ዕቃ ላይ አልሰካም። በተቃራኒው በኩል ከጮኸ ግን ያ የሊዩንግ ገመድ ነው።

መልቲሜትር የሌላችሁ ሰፈር ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ጎራ በሉ። ይህ መለኪያ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወይም ቮልትና አምፔር በስክሪን የምታሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ካለች፣ አዲሱን ገመድ መጀመሪያ ከስልካችሁ ሳይሆን ከእሷ ጋር አገናኙት። 5 አካባቢ ካሳየች ፖዘቲቩና ግራውንዱ በቦታቸው ናቸው። ዝም ካለች አንዲት ርካሽ መለኪያ ናት የሄደችው፣ ስልካችሁ ግን አለ። ስለ ሬዚስተሩ ይህ አይነግራችሁም፤ ለዚያ የሚረዳው አዲስ ገመድን ከአሮጌ ላፕቶፕ ፖርት ይልቅ አቅሙ ከተጻፈበት ደህና ቻርጀር ጋር መጠቀም ነው። ቻርጀሩ ወይም የገመዱ አንገት በእጅ የማይያዝ ያህል ከጋለ ንቀሉት።

በተቃራኒው ከጮኸ ደግሞ ገመዱን ዝም ብላችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ከመሃሉ በመቀስ ቁረጡት። ሳይቆረጥ ከተጣለ አዲስ ስለሚመስል አንድ ሰው አንስቶ ቤቱ ይወስደዋል።